ዋጋው በምላስ አይቀመስም

እንግዳ ሲጠራ ቀድሞ የሚጨነቀው የቤቱ እመቤት ልብ ነው። እንጀራው ቢጋገር፣ ወጡ ቢሠራ፣ ቤቱ ቢጠረግ፣ ቡናው ቢለቀም አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይቀራል። «የሚጠጣውስ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ከሥራ ስትወጡ ወደ አንድ ሱቅ ጎራ ትላላችሁ እንበል። ወይን ጠጁ በመደርደሪያው ላይ በተራ ተደርድሯል። የአገር ውስጡ ከታች ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣው ከላይ ነው። እጃችሁ ወደ ታችኛው ሊዘረጋ ሲል «ምን ይሉኝ ይሆን?» የሚል ሐሳብ ይመጣና እጃችሁ ወደ ላይ ይወጣል። የእናንተም ገጠመኝ ይኸው ከሆነ፣ ውድ እኅቶቼ፣ የዛሬው ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

«የቤተሰብ ዓምድ ስለ መጠጥ ምን አገባው?» የምትሉኝ ትኖሩ ይሆናል። ጥያቄያችሁን አከብራለሁ። ይሁን እንጂ ወይን ጠጅ ዛሬ በልደት፣ በምርቃት፣ በሽምግልናና በሠርግ ላይ የማይቀር ሆኗል። የሚገዛውም በአብዛኛው ከእናትየዋ ቦርሳ በሚወጣ ገንዘብ ነው። ከቦርሳችን የሚወጣውን ነገር ደግሞ ልናውቀው ይገባናል።

እኔ ራሴ የወይን ጠጅ አድናቂ ነኝ። ይህን ስል አንዳንዶቻችሁ ቅንድባችሁን ከፍ እንደምታደርጉ አውቃለሁ። ጠጪ አይደለሁም፤ ቀማሽ ነኝ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያስተማረችኝ ደግሞ እናቴ ናት። እናቴ ጠጅ ጥላ በመሸጥ አሳደገችን። ጠጁ ሲደርስ በብርሌ ጥቂት ቀድታ ወደ ብርሃን ታነሣዋለች፤ ቀለሙን ታያለች። ከዚያ ታሸትተዋለች። ከዚያ አንድ ጉንጭ ትይዝና ዐይኗን ጨፍና ትቆያለች። በመጨረሻ ወደ ውጭ ወጥታ ትተፋዋለች። በዚህ ብቻ ማሩ ንጹሕ ይሁን ስኳር የተቀላቀለበት፣ ጌሾው ይብዛ ይነስ ትናገር ነበር። በሕይወቷ አንድ ብርሌ ጠጅ ስትጨርስ አላየኋትም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ጉዳይ ወደ ዝዋይ ሄጄ የወይን እርሻ ስጎበኝ፣ ባለሙያዎቹ የሚያደርጉት እናቴ ስታደርገው የኖረችውን መሆኑን አይቼ ተገረምኩ። እነርሱም ወደ ብርሃን ያነሣሉ፤ ያሸትታሉ፤ ይጎነጫሉ፤ ይተፋሉ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ትንሽ ደብተር ይዣለሁ። በግብዣ ላይ ወይም የሥራ ባልደረቦቼ በየወሩ ጥቂት ጥቂት አዋጥተን በምንገዛው ጠርሙስ ያገኘሁትን ጣዕም እጽፍበታለሁ። በደብተሬ ውስጥ ያሉት በአብዛኛው እንደ እኔ ያለ ደሞዝተኛ የሚገዛቸው ርካሽና መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ናቸው።

አሁን ወደ ታሪኬ ልግባ።

ታላቅ እኅቴ ከእኔ በ9 ዓመት ትበልጣለች። በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ባለቤቷን በሞት ካጣች ወዲህ ሦስት ልጆቿን ብቻዋን አሳድጋለች። ባለፈው ወር የመጀመሪያ ልጇን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። እንደ ደንባችን «ዘመድ እናማክር» ተብለው ለመልሱ ሌላ እሑድ ተቀጠሩ። የልጁ ቤተሰቦች ኑሯቸው የደላ መሆኑን በሰማች ጊዜ እኅቴ እንቅልፍ አጣች።

ከቀጠሮው 10 ቀን በፊት አንድ ማታ ወደ ቤቴ መጣች። በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስትፈታው ከባሕር ማዶ የመጣ ቀይ ወይን ጠጅ ነው። ጠርሙሱ ከባድ፣ ጽሑፉ የወርቅ ቀለም ያለው ነው።

«ይኸንን ለናሙና ገዛሁ። ሌላ አምስት እጨምራለሁ። ባለሱቁ ከዚህ የሚሻል የለም ብሎኛል» አለችኝ።

«እትዬ፣ ቀምሰሽዋል?»

«እኔ? እኔ መቼ መጠጥ ቀምሼ አውቃለሁ!»

ዋጋውን ስትነግረኝ ዝም አልኩ። የስድስቱ ጠርሙስ ዋጋ የትንሹ ልጇ የሁለት ወር የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ገንዘቡም ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ዕቁብ ወጥቶላታል። ያ ዕቁብ ደግሞ ለዚሁ ለልጁ ክፍያ ተብሎ ዓመት ሙሉ ከደሞዟ የተቆረጠ ነው።

ልከራከራት ፈለግሁ፤ ግን ክርክሩ ከወይን ጠጁ ጋር እንዳልሆነ ገባኝ። እኅቴ የምትገዛው መጠጥ አልነበረም። «ድሀ ናቸው፤ ያለ አባት ያደገች ልጅ ናት» እንዳይባል የምትከፍለው የአፍ መዝጊያ ነበር። ስለዚህ አንድ ሐሳብ ብቻ አቀረብኩላት። «አምስቱን ከመግዛትሽ በፊት አብረን እንቅመሰው። ከሌሎቹ ጋር ደባልቀን፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳናይ እንቅመሰው። የተሻለ ሆኖ ከተገኘ ግዢው ላይ እኔም አግዝሻለሁ» አልኳት። ጥቂት አሰበችና «እኔ አልቀምስም። ግን እቀመጣለሁ» አለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት ሴቶች በእኔ ቤት ተሰበሰብን። እኔ፣ እኅቴ፣ አብራት የምትሠራ ጓደኛዋና ጎረቤቴ መምህርት ነበርን። ልጆቹን ወደ አክስታቸው ቤት ላክናቸው። ባለቤቴ አምስት ጠርሙሶች በዚሁ በጋዜጣችን አሮጌ እትሞች ጠቅልሎ፣ አንገታቸውን በክር አስሮ፣ ቁጥር ጻፈባቸው። የቀዮቹን የሦስቱን ተራ በዕጣ አወጣና ለማንም ሳይናገር ከክፍሉ ወጣ።

ይህን በቤታችሁ ልትሞክሩት ብትፈልጉ ደንቡ ቀላል ነው። ነጩ ከቀዩ ይቀድማል፤ ቀላሉ ከከባዱ ይቀድማል፤ ጣፋጩ ግን መጨረሻ ይቀርባል፤ ምክንያቱም ጣፋጭ ከቀደመ የቀረው ሁሉ ኮምጣጣ ይመስላል። ለአንድ ሰው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ይበቃል። ብርጭቆው ከሲሶው በላይ አይሞላም፤ ባዶው ቦታ የሚፈለገው ሽታው እንዲጠራቀምበት ነው። መትፊያ ዕቃ፣ ውሃና ቁራሽ ዳቦ በአጠገብ ይቀመጣል። ሽቶ ተቀብቶ መምጣት አይፈቀድም። የሁሉም ሰው አስተያየት እስኪጻፍ ድረስ ማንም አይናገርም፤ ከተናገረ የቀሩት ይከተሉታልና።

በቁጥር 1 ነጩን ቀመስን። ክሪስታል ነበር። በደብተሬ የጻፍኩት «ጠራ ያለ፣ የሎሚ ልጣጭና ያልበሰለ ፖም የሚያስታውስ፣ ስኳር የሌለው፣ ቶሎ የሚያልቅ» የሚል ነው። የእኅቴ ጓደኛ ፊቷን ጨምደድ አድርጋ «ጥርስ ያጠርሳል» ብላ ጻፈች። ሁለታችንም ልክ ነን። በወይን ጠጅ ነጋዴዎች ቋንቋ «ደረቅ» የሚባለው ስኳሩ በጠመቃው ጊዜ ወደ አልኮል ተለውጦ ያለቀበት ነው። ለጠጅና ለለስላሳ መጠጥ የለመደ ምላስ ደረቁን በመጀመሪያው ጉንጭ አይወደውም። በደንብ ቀዝቅዞ ከተጠበሰ ዓሣ ጋር ሲቀርብ ግን ያው ሰው ሐሳቡን ሲለውጥ አይቻለሁ።

ቁጥር 2 ቀይ ነው። ኋላ ሲገለጥ ጉደር ሆኖ ተገኘ። የእናቶቻችን ትውልድ በየግብዣው የሚያውቀው፣ ለብዙ ዓመታት በመንግሥት ይዞታ ሥር ከነበረውና እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል ከዞረው ከአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ የሚወጣ ነው። «ቀለሙ ገላጣ፣ ሽታው የዘቢብ፣ ምላስ ላይ ትንሽ ሻካራ፣ ግን ቅን» ብዬ ጻፍኩ። ቅን ማለቴ ያለውን ሳይደብቅ የሚያሳይ ማለቴ ነው። ሻካራነቱ ታኒን ከሚባለው ነገር የሚመጣ ነው። የወይን ፍሬ ጭማቂው በአብዛኛው ቀለም የለውም። ቀዩ ወይን ጠጅ ቀለሙንም አፍ ሰብሰብ የሚያደርገውን ታኒንም የሚያገኘው ከልጣጩ ጋር አብሮ ሲፈላ ነው። ታኒን ምን ይመስላል ብትሉኝ በጣም የወፈረ፣ ስኳር ያልገባበት ሻይ ስትጠጡ ድድና ምላሳችሁን የሚይዛችሁን አስቡት። እንዲህ ያለ ወይን ጠጅ ጮማ ያለበት ጥብስ ሲያገኝ ይለሰልሳል።

ቁጥር 3 ላይ ስንደርስ ክፍሉ ጸጥ አለ። ቀለሙ ጥቁር ቀይ፣ ከባድ ነው። አሸተትኩት፤ ምንም አልነገረኝም። ቀመስኩት፤ ደነዘዘ፤ ፍሬው የት እንደ ገባ አጣሁት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። «ከበድ ያለ፣ የተከበረ፣ ገና ያልተከፈተ» ብዬ ጻፍኩ። መምህርቷም «ጥሩ ነው፤ የእኔ ምላስ አላወቀው ይሆናል» ብላ ጻፈች። ለምን እንዲህ እንዳደረግን ኋላ እነግራችኋለሁ።

እስከዚያ ድረስ እኅቴ ከእያንዳንዱ ብርጭቆ ማሽተት ብቻ እንጂ ወደ አፏ አላቀረበችም። ቁጥር 3ን አፍንጫዋ ዘንድ እንዳደረሰች መለሰችው።

«ይሄ ዕቃ ቤት ይሸታል» አለች፤ ደንቡን ረስታ። «ዝናብ የገባበት ካርቶን። እማማ አንድ ጊዜ ጋኑን ሳታጥን የጣለችው ጠጅ ትዝ አይልሽም? ሁሉን ደፋችው። እንደዚያ ነው።»

ብርጭቆውን እንደገና አነሣሁ። እውነት ነው! እርጥብ ካርቶን ይሸታል። አንዴ ከተነገረኝ በኋላ ሌላ ነገር ማሽተት አቃተኝ።

ቁጥር 4 ሌላው ቀይ ነው። ይኸኛው ከዝዋይ ሐይቅ አቅራቢያ ከተተከለው፣ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ማቅረብ ከጀመረው ሪፍት ቫሊ ውስጥ መርሎ የተባለው ዝርያ ነበር። ዋጋው መካከለኛ ነው። «ለስላሳ፣ ክብ፣ የበሰለ ፕሪም ሽታ ያለው፣ ከዋጡት በኋላ ጥቂት የሚቆይ» የሚል ተጽፏል። የወይን ተክል በብርድ አገር ክረምቱን ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። በእኛ የስምጥ ሸለቆ ግን እንቅልፍ የሚያስተኛው ብርድ የለም። ስለዚህ መቼ እንደሚያፈራ የሚወስነው ገበሬው በሚገርዝበት ጊዜ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ማጨድም ይቻላል። በዚያው እርሻ ጉማሬና ጅብ ወደ ወይኑ እንዳይገቡ ዙሪያው በሰፊ ቦይ የታጠረ መሆኑን ስነግራቸው ሴቶቹ ሳቁ።

በቁጥር 5 መካከለኛ ጣፋጭ የሆነውን ቀይ አካሲያ ቀመስን። ገና ሲጎነጩት የእኅቴ ጓደኛ ፊት በራ። «ይኸ ነው መጠጥ!» አለች። ቀማሾች ነን የሚሉ ሰዎች ጣፋጩን ይንቁታል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የአበሻ ወጥ በርበሬ አለበት። በርበሬና አፍ የሚይዝ ደረቅ ቀይ ወይን ሲገናኙ ቃጠሎው ይብሳል፤ መራራነትም ይወጣል። ትንሽ ጣፋጭነት ያለውና ቀዝቀዝ ብሎ የቀረበ ወይን ጠጅ ግን በርበሬውን ያበርደዋል። ዶሮ ወጥ በሚቀርብበት ማዕድ ላይ ከውዱ ደረቅ ቀይ ይልቅ ይህ ያዋጣል። ቅዳሜ ዕለት ከየጠርሙሱ ጋር ጉርሻ ዶሮ ወጥ እየቀመስን ይህንኑ አረጋገጥን። ከምግብ በኋላ በትንሽ ብርጭቆ የሚቀርብ ለሚፈልጉ ደግሞ ከዚህም ይበልጥ የሚጣፍጥ አክሱማይት አለ።

ወረቀቱ ሲፈታ ቁጥር 3 የእኅቴ ውድ ጠርሙስ ሆኖ ተገኘ።

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። እኅቴ ቡሹን አንሥታ አሸተተችውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቀች።

ስለዚህ ጉድለት ትንሽ ላብራራ። አንዳንድ ጊዜ በቡሹ ውስጥ ቲሲኤ የሚባል ውሁድ ይፈጠራል። እጅግ ጥቂቱ እንኳ የወይኑን ፍሬ ሽታ ገድሎ እርጥብ ካርቶን ያስመስለዋል። ጤና አይጎዳም፤ ጣዕሙን ግን ያጠፋዋል። በማንኛውም ጠማቂ ጠርሙስ ላይ ሊደርስ ይችላል፤ በርካሹም በውዱም። ስለዚህ ከዚህ ተነሥቼ የባሕር ማዶ ወይን ጠጅ መጥፎ ነው አልልም። በደብተሬ ውስጥ በአድናቆት የጻፍኩላቸው የውጭ ወይኖች አሉ። የምለው ከፍ ያለ ዋጋ ከዚህ ጉድለት አያድንም ነው። የሚጠመዘዝ ክዳን ያለው ጠርሙስ ግን ቡሽ ስለሌለው ከዚህ አደጋ በአብዛኛው የራቀ ነው። ብዙዎቻችን የሚጠመዘዘውን እንደ ርካሽ ምልክት እናየዋለን፤ ስሕተት ነው።

አሁን የእኔን ኑዛዜ ልፈጽም። ጠርሙሶቹ ተጠቅልለው ሳለ ቁጥር 3ን ለምን አሞገስኩት? ከሦስቱ ቀዮች አንዱ ውድ መሆኑን አውቅ ነበር። ቀለሙንና ክብደቱን አይቼ በልቤ «ውዱ ይኸ ነው» አልኩ። ያን ካልኩ በኋላ ጉድለቱን በወይኑ ላይ ማየት አቅቶኝ በራሴ ላይ አደረግሁት። ዋጋው በጋዜጣው ውስጥ አልፎ ምላሴ ዘንድ ደረሰ። ዓመታት ደብተር የያዝኩት ሴት የተታለልኩትን ያህል፣ ወይን ጠጅ ቀምሳ የማታውቀው እኅቴ አልተታለለችም።

ይህ የእኔ ድክመት ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ሰዎችን ያንኑ አንድ ወይን ጠጅ አንድ ጊዜ በ10 ዶላር፣ ሌላ ጊዜ በ90 ዶላር የሚሸጥ ነው እያለ አስቀመሳቸው። ውድ ነው ሲባሉ የበለጠ እንደሚጥም መሰከሩ፤ በአንጎላቸው ውስጥ የደስታ ስሜት ከሚታይባቸው ስፍራዎች በአንዱ ላይ እንኳ ልዩነት ታየ። ከዚያም ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 ቀን 1976 ስቲቨን ስፐሪየር የተባለ እንግሊዛዊ የወይን ጠጅ ነጋዴ በፓሪስ ከተማ የፈረንሳይንና የካሊፎርኒያን ወይኖች ስማቸው ተሸፍኖ አስቀመሰ። የሚፈርዱት ስመ ጥር ፈረንሳውያን ነበሩ። ስሙ ሲገለጥ በነጩም በቀዩም አንደኛ የወጡት ማንም ያልጠበቃቸው የካሊፎርኒያ ወይኖች ሆኑ። የዓለም ሊቃውንት በተሸፈነ ጠርሙስ ፊት እንዲህ ከሆኑ፣ እኛ በሱቅ መደርደሪያ ፊት ብንሳሳት አያስገርምም።

ቅምሻው አልቆ ሁለቱ ሴቶች ከሄዱ በኋላ እኅቴን ብርጭቆ እያጠብን ጠየቅኋት። «እትዬ፣ እንዲህ ያለ አፍንጫ ከየት አመጣሽ? ከእማማ ነው?»

ብርጭቆውን በፎጣ እያደረቀች ቆየችና «ከአባባ ነው» አለችኝ።

አባታችን መጠጥ ይወድ ነበር። ከዚህ በላይ ማለት አልፈልግም፤ በተመሳሳይ ቤት ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ ትንሽ ስለ ነበርኩ ብዙውን አላስታውስም። የማላስታውሰው ለምን እንደሆነ ግን እስከዚያች ቅዳሜ አላወቅሁም ነበር።

«ማታ በሩ ሲከፈት ምን እንደ ጠጣ፣ ምን ያህል እንደ ጠጣ ገና ከደጁ አሸትተው ነበር» አለችኝ። «ጠጅ ከሆነ ይዘፍናል፤ ምንም የለም። አረቄ ከሆነ አንቺን አንሥቼ ወደ ጓዳ እወስድሽና አስተኛሽ ነበር። ለዚህ ነው መጠጥ አፌ የማይገባው። ሽታውን ግን አልረሳሁትም።»

ብርጭቆዎቹን አጥበን እስክንጨርስ አልተነጋገርንም። ይህች ሴት ናት እንግዲህ በሰው ፊት እንዳታፍር ብላ በምትጠላው ነገር ላይ የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ልታፈስ የነበረችው።

እሑዱ ደረሰ። እኅቴ የገዛችው ሦስት ጠርሙስ ብቻ ነው፤ ሁለት መካከለኛ ጣፋጭና አንድ ደረቅ ቀይ፤ ሁሉም የአገር ውስጥ። ከዚህ ሌላ ከማር የተበረዘ ብርዝና የአምቦ ውሃ አዘጋጀች። አንዱ 750 ሚሊ ሊትር የሆነ ጠርሙስ በመጠኑ ከተቀዳ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ስለዚህ ለመጡት ስምንት ሽማግሌዎች ከበቂ በላይ ነበር።

የልጁ አባት ነጭ ጋቢ የለበሱ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ወይን ጠጁ ሲቀርብላቸው እጃቸውን በብርጭቆው አፍ ላይ አደረጉና «እመቤቴ፣ እኔን ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሐኪም ከልክሎኛል። ብርዝ ካለ ግን እርሱን አልጠላም» አሉ። ከስምንቱ ሁለቱ ደግሞ ፈጽሞ የማይጠጡ ሆኑ። እኅቴ ዞር ብላ አየችኝ። በዚያ እይታ ውስጥ ስድስቱ ውድ ጠርሙሶችና የልጁ ክፍያ ነበሩበት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጣፋጩን ጎንጨት አሉና «ይኸ ጥሩ ነው፤ ከየት አገር የመጣ ነው?» ብለው ጠየቁ። ልቤ ደነገጠ። እኅቴ ግን ቀና ብላ «የአገራችን ነው። አምስት አሽትቼ ይኸንን መረጥኩ» አለች። ሁሉም ሳቁ፤ ሽማግሌውም ሌላ ጥቂት ይጨመርልኝ አሉ። ልጃችን ተሰጠች። ማንም ከመደርደሪያው ላይኛው ተራ ያልተገዛ መሆኑን አላነሣም።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ታሪክ ለቤታችን የሚጠቅመንን ጥቂት ላንሣ።

አንደኛ፣ ለግብዣ ወይን ጠጅ ስትገዙ ቀድማችሁ አንድ ጠርሙስ ገዝታችሁ ከምታቀርቡት ወጥ ጋር ቅመሱት። ከተቻለ ሦስት አራት ሆናችሁ አዋጡና ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ቅመሱ። ጣዕሙን የምትፈርዱት እናንተ ናችሁ፤ ባለሱቁ አይደለም። የእኅቴን ጠርሙስ ወደ ሱቁ መልሰን ወስደን ነበር፤ ከተከፈተ በኋላ አንቀበልም ብለውናል። አንድ ጠርሙስ ማጣት ግን ስድስት ከማጣት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ የተከፈተ ጠርሙስ ከተረፈ ክዳኑን ገጥማችሁ ቀዩንም ነጩንም በማቀዝቀዣ አስቀምጡት። ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ በኋላ ጣዕሙ ከተለወጠ ወጥ ውስጥ ጨምሩት እንጂ ለእንግዳ አታቅርቡት። ወይን ጠጅ በምድጃ አጠገብና ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ማስቀመጥም ያበላሸዋል። ቀዩ ራሱ በሞቃት ቀን ከመቅረቡ በፊት ጥቂት ቢቀዘቅዝ ይሻለዋል።

ሦስተኛውና ትልቁ፣ ወይን ጠጅ የዋህ መጠጥ አይደለም። ከመቶው 12 ወይም 13 እጁ አልኮል ነው። አንድ መካከለኛ ብርጭቆ ወይን ጠጅ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ አይተናነስም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለጤና ፍጹም አደጋ የሌለው የአልኮል መጠን የለም ብሎ አስታውቋል። ነፍሰ ጡር የሆነች እናት ጨርሶ አትቅመስ። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። መኪና የሚነዳም ይተው። ለሕፃናት «ለቅምሻ» ተብሎ በጣት እንኳ አይሰጥ። በየግብዣውም ለማይጠጣው እንግዳ የሚቀርበው ብርዝ፣ ጭማቂ ወይም ውሃ እንደ ወይን ጠጁ በመልካም ብርጭቆ፣ በእኩል ክብር ይቅረብ። የማይጠጣው ሰው ለምን እንደማይጠጣ አይጠየቅ። አንዳንዱ ምክንያት በሩ ሲከፈት ከደጅ የሚሸት ነውና።

እኔ ደብተሬን አልተውኩም። በወሩ መጨረሻ ከባልደረቦቼ ጋር የምቀምሳትን ጠርሙስ እወዳታለሁ። ነገር ግን ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ በደብተሬ ላይ የዋጋውን መስመር የምሞላው ጣዕሙን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

የትንሹ ልጅ ክፍያ በጊዜው ተከፍሏል። ያ የወርቅ ጽሑፍ ያለበት ከባድ ጠርሙስም አልተጣለም። እኅቴ በሙቅ ውሃ ደጋግማ አጥባ፣ ሽታው መጥፋቱን በዚያው በአፍንጫዋ አረጋግጣ፣ የኑግ ዘይት ትይዝበታለች።